ከአሮጌ ክፍሎች የዕለት ተዕለት የተራራ ብስክሌት መገንባት፦ የልክ፣ የእርጅናና የፍሬን ጥያቄዎች

መግቢያ

ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት የሚመላለስበት ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ምርጫዎች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው አዲስ፣ ዋጋው ዝቅ ያለና በመልኩ የተራራ ብስክሌትን የሚመስል ዕቃ ነው። ሁለተኛው ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በፊት በጥንቃቄ የተሠራ፣ ነገር ግን ከፊሉ ያለቀና ከፊሉ የጎደለ አሮጌ ብስክሌት ነው። ገዢው የመጀመሪያውን የሚመርጠው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሁለተኛውን የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች በቂ አይደሉም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሮጌ የተራራ ብስክሌትን መርጦ ከተለያዩ ምንጮች በተገኙ ክፍሎች ለዕለት አገልግሎት ማብቃት በምን መመዘኛ ሊከናወን እንደሚችል ማብራራት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ቀላል ነው፦ «አሮጌ» የሚለው ቃል ስለ አንድ ክፍል የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በምትኩ ስለ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል። ከሌላው ክፍል ጋር ይገጥማልን? ምን ያህል አልቋል? ጉዞ ላይ ሳለ ቢሰበር በነጂው ላይ ምን ያስከትላል? የመጀመሪያው ጥያቄ በመለኪያ፣ ሁለተኛው በምርመራ፣ ሦስተኛው ደግሞ በማመዛዘን ይመለሳል።

የተራራ ብስክሌት አመጣጥ

ከአሮጌ ክፍሎች መገጣጠም ለተራራ ብስክሌት እንግዳ አሠራር አይደለም፤ ዓይነቱ ራሱ የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ የነበሩ ወጣቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ፣ ሰፋፊ ጎማ ያላቸውን የሽዊን ብስክሌቶች ከአሮጌ ዕቃ መካከል እየፈለጉ በኮረብታማ የአፈር መንገድ ላይ ይነዷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 የተጀመረው የቁልቁለት ውድድራቸው «ሪፓክ» ተብሎ መጠራቱም ከዚሁ የመጣ ነው። የኋላ ሞዞው ውስጥ ያለው ፍሬን በቁልቁለቱ ስለሚግል ግራሶው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከወረዱ በኋላ ሞዞውን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ይሆን ነበር።

ነጂዎቹ እነዚህን ከባድ ብስክሌቶች ከሌላ ዓይነት ብስክሌቶች በወሰዱት ማርሽና ከሞተር ብስክሌት በወሰዱት የፍሬን እጀታ አሻሻሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ተግባር ብቻ የታሰበ አዲስ ቴላዮ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የስፔሻላይዝድ ኩባንያ «ስታምፕጃምፐር» በብዛት ተመርቶ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ገደማ የተሠሩት፣ መንሸራተቻ ሞላ የሌላቸው ባለ 26 ኢንች የብረት ብስክሌቶች ለዛሬው የዕለት ተጠቃሚ ምቹ መነሻ ናቸው። ጠንካራ ናቸው፤ ሰፊ ጎማ ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹም ለዕቃ መጫኛና ለጭቃ መከላከያ የሚሆን የቡሎን ቀዳዳ አላቸው።

የቴላዮ ምርጫ

ግንባታው ከቴላዮ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ቴላዮው ሌሎቹ ክፍሎች ሊኖራቸው የሚገባውን ልክ የሚወስን ብቸኛው ክፍል ነው። ለዕለት አገልግሎት የሚመረጠው ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት፣ በተለምዶ ክሮሞሊ የሚባለው ነው። ይህ ብረት ከተራው ብረት ይልቅ ጠንካራ በመሆኑ የቱቦው ግድግዳ ሊሳሳ፣ ብስክሌቱም ሊቀል ይችላል። ሁለተኛው ጥቅሙ ከድካም ጋር የተያያዘ ነው። ብረት ከተወሰነ መጠን በታች የሆነን ተደጋጋሚ ጫና ሳይሰነጠቅ እጅግ ለረጅም ጊዜ ሊሸከም ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ወሰን ስለሌለው አነስተኛ ጫና እንኳ በብዛት ሲደጋገም ድካሙ ይጠራቀማል። ይህ አሉሚኒየም ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ የአሉሚኒየም ክፍል ያለፈ ታሪኩ ካልታወቀ የበለጠ ጥርጣሬ ይገባዋል ማለት ነው።

ቴላዮ ሲመረመር ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ከመሪው ቱቦ ጀርባ ባሉት የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ሥሮች ላይ ነው። ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ ቀለሙ በዚህ ቦታ ይሸበሸባል ወይም ይሰነጠቃል፤ በጣት ሲዳሰስም ያበጠ ጠርዝ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ቴላዮ መተው ይሻላል። ቀጥሎ የፔዳሉ ዘንግ ቤት አካባቢ ያለው ዝገት፣ ከዚያም የኮርቻው ቱቦ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱ ይታያል። የአሉሚኒየም የኮርቻ ቱቦ በብረት ቴላዮ ውስጥ ያለ ግራሶ ለዓመታት ከቆየ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት አማካይነት ተበላልተው ይጣበቃሉ፤ እሱን ማስለቀቅ ከቴላዮው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ላይ ላዩን ያለ ዝገትና የተላጠ ቀለም ግን ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ቴላዮውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ሞላ ያለው ፎርኬታ ለዚህ ዓላማ አይመከርም። በ1990ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ በውስጣቸው የነበረው ለስላሳ ፕላስቲክ በዕድሜ ደርቆ ወይም ተፈርፍሮ መለዋወጫ የማይገኝላቸው ሆነዋል። በርካሽ አዳዲስ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመው ሞላ ደግሞ ክብደት ከመጨመር አልፎ በአቀበት ላይ የነጂውን ጉልበት ያባክናል። በሻካራ መንገድ ላይ ንዝረትን ለመቀነስ 50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ አየሩ በመጠኑ የተሞላ ጎማ የበለጠ ይረዳል።

የመግጠም ጥያቄ

ከአሮጌ ክፍሎች መገንባት የሚያስቸግረው የክፍሎቹ እርጅና ሳይሆን በየዘመኑ ልካቸው መለዋወጡ ነው። ስለዚህ ከግዢ በፊት በቬርኒየር ካሊፐር መለካት የመጀመሪያው ሥራ ነው። አምስት ልኮች በተለይ ወሳኝ ናቸው።

አንደኛው የኋላ ሞዞ የሚገባበት ስፋት ነው። በ1980ዎቹ የተሠሩ የተራራ ብስክሌቶች 126 ወይም 130 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ግን 135 ሚሊ ሜትር የተለመደ ልክ ሆነ። የብረት ቴላዮ ከ130 ወደ 135 በጥንቃቄ ሊከፈት ይችላል፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል መከፈታቸውንና የሞዞው መያዣዎች ትይዩ ሆነው መቅረታቸውን ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። በአሉሚኒየም ቴላዮ ላይ ይህን መሞከር አይገባም።

ሁለተኛው የጎማ ልክ ነው። «26» የሚለው ቁጥር ብቻውን አሳሳች ነው። የተራራ ብስክሌት 26 ኢንች ጎማ በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 26 በ1 3/8 ተብሎ የሚጻፈው ጎማ ግን 590 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ፈጽሞ አይለዋወጡም። ስለዚህ መታመን ያለበት በጎማው ጎን ላይ «50-559» እንደሚለው ያለ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱን፣ ሁለተኛው የመቀመጫውን ዲያሜትር ያመለክታል።

ሦስተኛው የመሪ ኩሽኔታ ነው። የፎርኬታው ቱቦ 25.4 ወይም 28.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎም 31.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ቱቦው ፊሌቶ ያለው ወይም የሌለው ሊሆን ይችላል። ፊሌቶ ላለው ፎርኬታ የሚሆነው የመሪ አንገት ወደ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ሲሆን፣ ፊሌቶ ለሌለው ግን ቱቦውን ከውጭ የሚያቅፈው ነው።

አራተኛው የፔዳል ዘንግ ቤት ነው። በአብዛኞቹ የተራራ ብስክሌቶች ስፋቱ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ሆኖ ፊሌቶው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ በጥርሱ ወገን፣ ማለትም በቀኝ በኩል ያለው ክፍል ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ ማስታወስ ያሻል፤ ይህን ባለማወቅ በኃይል ሲጠበቅ የተበላሸ ፊሌቶ ቴላዮውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ፔዳሎቹ ላይ ደግሞ በተቃራኒ የሚፈታው የግራው ነው።

አምስተኛው የኮርቻ ቱቦ ውፍረት ነው። ልኩ በ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለሚወጣ 26.8 በሚያስፈልግበት 26.6 ቢገባ በመጀመሪያ የጠበቀ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ኮርቻው ይወርዳል፤ ነጂውም አብዝቶ ሲያጠብቀው የቴላዮው አፍ ይሰነጠቃል።

ማርሽና አቀበት

በማርሽ ረገድ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ መግጠምና መበቃት። ስለ መግጠም፣ የኋላ ጥርሶች ወደ ሞዞው የሚያያዙበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። በቀድሞው ዓይነት የጥርሱ ስብስብ ከነሙሉ አሠራሩ በፊሌቶ ይጠመዘዛል፤ በዚህ ጊዜ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ስለሚርቅ የዘንጉ ጫፍ ድጋፍ ያጣል፤ በከባድ ነጂና በጉድጓዳማ መንገድ ላይ ዘንጉ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። በኋለኛው ዓይነት የሚሽከረከረው አካል የሞዞው አንድ ክፍል ስለሆነ ኩሽኔታው ወደ ጫፍ ይጠጋል። ምርጫ ካለ ኋለኛው ይመረጣል። በሺማኖ አሠራር ለ8 ጥርስ በተዘጋጀ ሞዞ ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር ማሟያ ቀለበት በማስገባት ባለ 7 ጥርስ ስብስብ መግጠም ይቻላል።

ማርሽ መቀየሪያው በየደረጃው «ቀጭ» የሚል ከሆነ የካቦው እርምጃ ከጥርሶቹ ርቀት ጋር መስማማት አለበት፤ በሺማኖ የ7 ጥርስ ርቀት 5 ሚሊ ሜትር፣ የ8 ደግሞ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ደረጃ የሌለው፣ በግጭት ብቻ የሚቆም የቀድሞ መቀየሪያ ግን ከየትኛውም ስብስብ ጋር ይሠራል። ክፍሎች ከተለያየ ቦታ በሚሰበሰቡበት ግንባታ ይህ እንደ ኋላቀርነት ሳይሆን እንደ ትልቅ ጥቅም ሊቆጠር ይገባል።

ስለ መበቃት ደግሞ አንድ ስሌት እንመልከት። የዘመኑ የተለመደ አሠራር ከፊት ትንሹ ጥርስ 28፣ ከኋላ ትልቁ 28 ነው እንበል። ባለ 26 በ2.0 ጎማ አንድ ዙር ሲሽከረከር 2.05 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ አንድ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን 2.05 ሜትር ያስኬዳል። ነጂው በደቂቃ 60 ዙር ቢመታ ፍጥነቱ በሰዓት 7.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነጂ፣ ብስክሌትና ሻንጣ በአንድነት 95 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና አቀበቱ 8 በመቶ ቢሆን፣ የመንገዱን የመንከባለል ተቃውሞ የክብደቱ 1 በመቶ ብለን ስናሰላ የሚያስፈልገው ጉልበት 172 ዋት ያህል ነው። የኋላው ትልቅ ጥርስ ወደ 34 ቢቀየር አንድ ዙር 1.69 ሜትር ብቻ ስለሚያስኬድ በዚያው 60 ዙር ፍጥነቱ ወደ 6.1 ኪሎ ሜትር፣ ጉልበቱም ወደ 142 ዋት ይወርዳል።

ይህ የ30 ዋት ልዩነት ላልሠለጠነ ነጂ በመንዳትና ወርዶ በመግፋት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ጉዳዩ ብዙም አያሳስብም። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችውና አቀበት በበዛባት አዲስ አበባ ግን ከፍታው የሰውነትን የኦክስጅን አቅርቦት ስለሚቀንስ ዝቅተኛ ማርሽ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ባለ 34 ጥርስ ከመግዛት በፊት ግን የኋላው ማርሽ ቀያሪ ያን ያህል ትልቅ ጥርስና የሚጨምረውን ሰንሰለት መሸከም መቻሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ፍሬን፦ ሁለት ትክክለኛ ክፍሎች፣ አንድ የተሳሳተ ጥምረት

እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ደህና ሆኖ ጥምረቱ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ከፍሬን የበለጠ የሚያሳይ የለም። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተራራ ብስክሌቶች የሚጠቀሙት ሁለቱን ክንዶች መሃል ላይ በተያያዘ ካቦ ወደ ላይ የሚስብ፣ ካንቲሊቨር የሚባለውን ፍሬን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሺማኖ ያወጣው «ቪ ብሬክ» ረጃጅም ክንዶች ያሉትና ካቦውን በአግድም የሚስብ ነው። ሁለቱም በቴላዮው ላይ በተመሳሳይ እግር ይታሰራሉ፤ ስለዚህ ያለ ችግር የሚለዋወጡ ይመስላሉ። ሆኖም ቪ ብሬክ ከካንቲሊቨር ሁለት እጥፍ ያህል የካቦ ርዝመት ይፈልጋል፤ እጀታዎቻቸውም ለዚሁ ተብለው ተለያይተው የተሠሩ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለራሱ የገጣጠመው የመጀመሪያ ብስክሌት ስሕተቱን በተግባር አሳይቶታል። ክንዶቹ አዲስ ቪ ብሬክ፣ እጀታዎቹ ግን ከብስክሌቱ ጋር የመጡት የካንቲሊቨር ነበሩ። በግቢ ውስጥ ሲሞከር ፍሬኑ ከተጠበቀው በላይ ኃይለኛ ስለነበር ሥራው የተሳካ መሰለ። እጀታው የሚስበው ካቦ አጭር በመሆኑ ግን የፍሬኑ ጎማዎች ከቸርኬው ጋር ሊነካኩ እስኪደርሱ ተጠግተው ነበር የተስተካከሉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የክረምቱ ዝናብና አሸዋ ጎማዎቹን በላ። አንድ ቀን በረጠበ ቁልቁለት ላይ እጀታው መሪው ላይ ደርሶ ቆመ፤ ጎማዎቹ ግን ቸርኬውን ገና በቅጡ አልያዙም ነበር። ጉዞው በመንገዱ ዳር ባለ የአፈር ክምር ላይ ያለ ጉዳት አበቃ፤ ከፊት መኪና ቢኖር ኖሮ ግን ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

ተቃራኒው ጥምረት፣ ማለትም የቪ ብሬክ እጀታ ከካንቲሊቨር ክንድ ጋር፣ እጀታውን ሲጨብጡት ጠንካራ ይመስላል፤ የሚያቆመው ኃይል ግን ደካማ ነው። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ እጀታና ክንድ እንደ አንድ ክፍል ተቆጥረው አብረው ይገዙ፤ አብረውም ይተኩ። ብስክሌቱ ቆሞ ሲሞከር መልካም መሆኑም ማስረጃ አይሆንም።

የሚቆይና የሚተካ

አሁን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ አጣምረን ክፍሎቹን በሦስት መደብ ልንከፍላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው መደብ ታሪኩ ካልታወቀ ያለ ክርክር የሚተካው ነው። የፍሬንና የማርሽ ካቦዎች፣ የፍሬን ጎማዎች፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ፣ እንዲሁም የአሉሚኒየም መሪ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መሪ የተጨመረው ከዋጋው አንጻር አደጋው ስለሚበልጥ ነው፤ አሉሚኒየም በድካም ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሳይጎብጥና ሳያስጠነቅቅ ነው፤ መሪው የተሰበረበት ነጂም የሚያደርገው ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው መደብ ተለክቶ የሚወሰንበት ነው። ሰንሰለት አዲስ ሳለ 24 መገጣጠሚያዎቹ በትክክል 304.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 12 ኢንች ይለካሉ። ይህ ርዝመት በ1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከጨመረ ሰንሰለቱ መቀየር አለበት፤ በ3 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ግን የኋላ ጥርሶቹንም አብሮ ስለበላ አዲስ ሰንሰለት ብቻውን በአሮጌዎቹ ጥርሶች ላይ ይዘላል። የቸርኬ ጎን በፍሬን ሲበላ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲያስጠጉበት መሃሉ ላይ ብርሃን በጉልህ የሚታይ ከሆነና ግድግዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ ቸርኬው በአየር ግፊቱ ሊፈነዳ ስለሚችል ይጣላል።

ሦስተኛው መደብ ታጥቦና ግራሶ ተቀብቶ ለዓመታት የሚያገለግል ነው። የሞዞ ኩሽኔታዎች መቀመጫቸው ካልተቦረቦረ ኳሶቹን ብቻ በመቀየር ይታደሳሉ። የፔዳል ክንዶች፣ ማርሽ ቀያሪዎች፣ የብረት ፎርኬታና ቴላዮው ራሱም በዚህ መደብ ውስጥ ናቸው። በገዢው ዓይን «አሮጌ» የሚመስሉት እነዚህ ሲሆኑ፣ በእውነት የሚያልፍባቸው ግን የመጀመሪያው መደብ ክፍሎች ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው የግንባታ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቴላዮው ተመርምሮ አምስቱ ልኮች በወረቀት ይመዘገባሉ። ቀጥሎ ከጠቅላላው በጀት የመጀመሪያው መደብ ዋጋ ተቀንሶ ይቀመጣል፤ ለሌላው የሚውለው የተረፈው ብቻ ነው። ከዚያ ሞዞና ቸርኬ፣ ቀጥሎ የፔዳል ዘንግና ማርሽ፣ በመጨረሻም እጀታና ፍሬን ይገጠማሉ። ወደ ቴላዮው የሚገባ ማንኛውም ፊሌቶና ቱቦ በግራሶ ይቀባል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላም ቡሎኖች ሁሉ እንደገና ይጠበቃሉ፤ ካቦ ይረግባል፤ የፔዳል ክንድም በዘንጉ ላይ ቦታውን ሲይዝ ይላላል።

ማጠቃለያ

አሮጌ የተራራ ብስክሌት ለዕለት አገልግሎት የሚመረጠው ናፍቆትን ለማርካት ወይም ወጪን ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ክፍሎቹ ሊፈቱ፣ ሊለኩና ሊታደሱ የሚችሉ በመሆናቸው ባለቤቱ የብስክሌቱን ሁኔታ በራሱ መዳኘት ስለሚችል ነው። ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው መለካት ከመግዛት ሲቀድምና ቁጠባው ፍሬንና መሪ ላይ ሳይደርስ ሲቆም ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች በየክፍሉ የጠየቀ ሰው ከተለያዩ ዘመናት በተሰበሰቡ ክፍሎች ላይ ተቀምጦ ያለ ስጋት ቁልቁለት ሊወርድ ይችላል። ሳይጠይቅ የገጣጠመው ግን መልሱን የሚያገኘው ቁልቁለቱ ላይ ነው።